ቆላ የወረደው ውስኪ

በ1850ዎቹ ኤድዋርድ ዳየር የተባለ እንግሊዛዊ ጠማቂ ሕንድ ውስጥ ፋብሪካ ሊተክል ሲነሣ የሜዳውን ሙቀት ሸሽቶ ወደ ሂማላያ ግርጌ ወጣ። የመረጠው ቦታ ካሳውሊ ይባላል፤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ቀዝቃዛ፣ የምንጩ ውኃ ንጹሕ ነው፤ ዋነኞቹ ጠጪዎች ማለትም የእንግሊዝ ወታደሮችና ሹማምንትም ከበጋው ንዳድ የሚሸሹት ወደዚያው አካባቢ ነበር። (በ1919 በአምሪትሳር መሣሪያ ባልያዘ ሕዝብ ላይ ተኩስ ያዘዘው ጄኔራል ዳየር የዚህ ሰው ልጅ ነው። የአባቱን ቢራና ውስኪ ዛሬ የሚያነሣው ጥቂት ሰው ነው።)

ዳየርን ወደ ተራራ ያወጣው እምነት እሱ ካለፈ በኋላም ብዙ ቆየ። ውስኪ የደጋ ነገር ነው፤ ብርድ፣ ጭጋግና ረጅም ዓመት ይፈልጋል፤ ቆላ ከወረደ ይበላሻል ይባል ነበር። ባለፉት ሃያ ዓመታት ግን ከሕንድና ከታይዋን የመጡ ጠርሙሶች በአውሮፓ ገበያ ከስኮትላንዶቹ ጎን ቆመው፣ አንዳንዴም ከፊት ቀድመው ታይተዋል። ከዚህ ተነሥቶ ደግሞ ተቃራኒው እምነት ተስፋፋ፦ ሙቀት ጊዜን ያሳጥራል፤ በሐሩር ምድር ሦስት ዓመት የቆየ ውስኪ ስኮትላንድ ውስጥ አሥር ዓመት ከቆየው እኩል ነው የሚል። ይህ ጽሑፍ ሁለቱንም ይመረምራል። እንደኔ ሁለቱም ስሕተት ናቸው፤ ሁለተኛው ግን ይበልጥ ያሳስታል፣ ምክንያቱም ግማሹ እውነት ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሲንግል ሞልት ከገብስ ብቅል ብቻ፣ በአንድ ፋብሪካ፣ በመዳብ ማንጠሪያ የሚወጣ ውስኪ ነው። ብቅሉ ለጠላ እንደምናበቅለው ነው የሚዘጋጀው፤ ገብሱ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል። ከዚያ በሙቅ ውኃ ስኳሩ ይወጣና በእርሾ ይፈላል፤ ድፍድፉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ጊዜ ይነጠራል። ካቲካላ ከማንጠሪያው ሲወጣ ሥራው አልቋል። ውስኪ ግን እዚህ ላይ ገና መጀመሩ ነው፤ እንደ ውኃ የጠራው አረቄ ወደ ኦክ በርሜል ይገባና ይቀመጣል። የስኮትላንድ ሕግ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል ቢያንስ ሦስት ዓመት እንዲቆይ ያዝዛል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ሦስት ዓመት ይላል፤ ከዚያ ያነሰውን ውስኪ ብሎ መሸጥ ክልክል ነው። ሕጎቹ ስለ ጊዜ እንጂ ስለ ሙቀት አንድም ቃል የላቸውም። የሐሩሩ ክርክር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ክፍተት ነው።

ታሪኩን የቀየረው ፋብሪካ ባንጋሎር ውስጥ ይገኛል። አምሩት በ1948፣ ሕንድ ነፃ በወጣች ማግስት፣ በራዳክሪሽና ጃግዳሌ ተቋቋመ። ለአሥርት ዓመታት ያመረተው እንደ ጎረቤቶቹ ሁሉ ርካሽ መጠጥ ነበር፤ ብዙውም ወደ ጦር ሠራዊቱ መሸጫዎች ይሄድ ነበር። በ1980ዎቹ ከገብስ ብቅል ውስኪ ማንጠር ጀመረ፤ ሆኖም ለብቻው ሊሸጠው ሳይሆን ከሸንኮራ ሞላሰስ ከሚወጣው አልኮል ጋር ሊቀላቅለው ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ሕንድ በመጠን ከዓለም ሁሉ የበለጠ ውስኪ የሚጠጣባት አገር ናት፤ ነገር ግን በዚያ ስም የሚሸጠው አብዛኛው መጠጥ መሠረቱ ሞላሰስ በመሆኑ በአውሮፓ ሕግ ውስኪ ተብሎ ሊጠራ አይችልም። ስለዚህ “የሕንድ ውስኪ” ሲባል ባለሙያዎች ፈገግ ማለታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ሞልቱን ለብቻው የመሸጡ ሐሳብ የተጠነሰሰው በትምህርት ቤት ነው። የመሥራቹ የልጅ ልጅ ራክሺት ጃግዳሌ በእንግሊዝ ኒውካስል ቢዝነስ ሲያጠና፣ አባቱ ኒላካንታ ራኦ ጃግዳሌ የሕንድ ሲንግል ሞልት በብሪታንያ ገበያ ያገኝ እንደሆን በመመረቂያ ጽሑፉ እንዲመረምር ሐሳብ ሰጠው። ልጁ ናሙናውን ስም ሳይጠቅስ ለስኮትላንድ ጠጪዎች አቀመሰ፤ ብዙዎቹ የመሰላቸው የአገራቸው ውስኪ ነበር። በነሐሴ 2004 አምሩት ሲንግል ሞልት ለገበያ ቀረበ። የቀረበውም ሕንድ ውስጥ ሳይሆን ግላስጎው ላይ ነው። ድፍረት ነው፤ ስሌትም አለበት። በዚያን ጊዜ ሕንድ ውስጥ ለሕንድ ሲንግል ሞልት ውድ ዋጋ የሚከፍል ሰው ማግኘት ከባድ ነበር፤ በባዕድ አገር የተመሰገነን ዕቃ ግን የገዛ ሕዝብህም ይገዛልሃል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት በኪሳራ አለፉ። ከዚያ የውስኪ ሐያሲው ጂም መሪ በ2010 እትሙ አምሩት ፊውዥንን በዓለም ሦስተኛ አድርጎ መረጠው፤ ከዚያ በኋላ ፈገግ የሚል ሰው ቀነሰ።

ባንጋሎር 900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በእኛ አከፋፈል ቆላ ነው። ክረምት ከበጋ ያን ያህል አይራራቅም፤ የስኮትላንድ ብርድ የሚባል ነገር ጭራሽ የለም። የአምሩት ሰዎች ቶሎ የተረዱት ነገር በርሜሎቻቸው እየጎደሉ መሆናቸውን ነው። ከበርሜል በየዓመቱ የሚተነውን ስኮትላንዶች “የመላእክት ድርሻ” ይሉታል። በእነሱ አገር መላእክቱ ልከኞች ናቸው፤ በዓመት 2 በመቶ ገደማ ይወስዳሉ። በባንጋሎር ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው። አምሩት በ2013 ስምንት ዓመት የቆየ ውስኪ ሲያወጣ ስሙን “ስግብግቦቹ መላእክት” ማለቱ ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ሒሳቡን እንሥራው። በሁለቱም ቦታ 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል ተሞልቶ ይቀመጥ፤ ለባንጋሎር መካከለኛውን 11 በመቶ እንውሰድ። ከ12 ዓመት በኋላ የስኮትላንዱ በርሜል ውስጥ 157 ሊትር ገደማ ይቀራል። የባንጋሎሩ ውስጥ 49 ሊትር። የሚገርመው ግን የሦስተኛው ዓመት ቁጥር ነው፤ ባንጋሎር በሦስት ዓመት 59 ሊትር ታጣለች፣ ስኮትላንድ በአሥራ ሁለት ዓመት ከምታጣው 43 ሊትር የበለጠ። በትነት ብቻ ከተለካ ሦስት የባንጋሎር ዓመታት ከአሥራ ሰባት የስኮትላንድ ዓመታት ጋር ይተካከላሉ ማለት ነው። የአምሩት ዋና ቀማሚ የነበረው ሱሪንደር ኩማር ራሱ ይበልጥ ቁጥብ ነው፤ አንድ የሕንድ ዓመት ከሦስት የስኮትላንድ ዓመት ጋር እንደሚመጣጠን ገምቷል። ሻጮች ይህን ግምት ወደዱት። በየመደብሩ እየተባዛ የሚነገረው እሱ ነው።

ችግሩ በርሜል ውስጥ የሚካሄደው ሥራ አንድ አለመሆኑ ነው። አረቄው ከእንጨቱ ነገር ይቀዳል፤ ቀለም፣ ታኒን፣ የቫኒላ መዓዛ የሚሰጠው ቫኒሊን፣ የኮኮናት ሽታ ያለው የኦክ ዘይት። ይህ ሙቀት ይወዳል። ሲሞቅ አረቄው ይሰፋና ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሙቅ መጋዘን ውስጥ መቅዳቱ ፈጣን ነው፣ በዚህ ላይ የሚከራከር የለም። በሌላ በኩል ደግሞ የተቃጠለው የበርሜሉ ውስጠኛ ገጽ ከአረቄው መጥፎውን ይወስዳል፤ በተለይ የተቀቀለ ጎመን የሚሸተውን የድኝ ቅሪት። ከዚህ ሌላ በእንጨቱ ቀዳዳዎች በጥቂት በጥቂቱ የሚገባው ኦክስጅን አለ። እሱ አልኮልን እየለወጠ፣ አሲዶችና አልኮሎች ተገናኝተው የፍራፍሬ መዓዛ ያላቸውን ኤስተሮች እንዲሠሩ ያደርጋል፤ የተለያየው ጠባይም ቀስ በቀስ አንድ ይሆናል። ይህ የመጨረሻው ሥራ ሙቀት ቢያግዘውም እንደ መቅዳቱ አይሮጥም። ኦክስጅን በራሱ ጊዜ ነው የሚገባው።

ስለዚህ በሐሩር ያለ በርሜል ውስጥ የሥራዎቹ ፍጥነት ይለያያል። እንጨቱ ይቀድማል፣ የቀረው ይከተላል። ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል፦ ሽንኩርት በኃይለኛ እሳት ቶሎ ይቀላል፣ መቅላቱ ግን መብሰሉ አይደለም። በዚያ ላይ ትነቱ አለ። የሚተነው ውኃና አልኮል ነው፤ ከእንጨቱ የተቀዳው ታኒንና ቀለም አይተንም፣ በቀረው ፈሳሽ ውስጥ ይከማቻል። አንድ የባንጋሎር በርሜል በአዲስ ኦክ ውስጥ ከተገቢው በላይ አንድ ሁለት ዓመት ቢረሳ የሚገኘው ትልቅ ዕድሜ ያለው ውስኪ ሳይሆን አፍ የሚያደርቅ፣ ጥርስ የሚይዝ የእንጨት ጭማቂ ነው።

በተቃራኒው ስኮትላንድ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የቆየ ውስኪ የሚያገኘው ጠባይ አለ፤ የደረቀ ፍራፍሬ፣ የሰም፣ የአሮጌ ቤተ መጻሕፍት ዓይነት ሽታ። ይህን በሐሩር ምድር በስምንትም በአሥርም ዓመት አላገኘሁትም፤ የሚገኝ አይመስለኝም። ሐሩሩ የራሱ የሆነ ሌላ ነገር ይሰጣል፦ ደማቅ ቀለም፣ የበሰለ ማንጎና ሙዝ፣ ማር፣ ቅመም፣ ወፍራም ጉርሻ። ጉድለት አይደለም። “የፈጠነ ስኮች” ብሎ መጥራት ግን ስኮቹንም ሕንዱንም መሳደብ ነው። የሩም ሰዎች ይህን ክርክር ከውስኪ ሰዎች ቀድመው አድርገውታል። ጣሊያናዊው ነጋዴ ሉካ ጋርጋኖ በካሪቢያን ያረጀ ሩምና በርሜሉ ወደ አውሮፓ ተጭኖ እዚያ ያረጀ ሩም ሁለት የተለያዩ መጠጦች ናቸው፣ ጠርሙሱም ይህን ይናገር ብሎ ለዓመታት ተሟግቷል። ውስኪ ከዚህ ብዙ መማር ይችል ነበር።

ይህን ሁሉ ገና ከመነሻው ተረድቶ ፋብሪካ የተከለው ግን ሕንዳዊ ሳይሆን ታይዋናዊ ነው። ታይዋን ውስጥ መጠጥ ማምረት እስከ 2002 ድረስ የመንግሥት ብቻ ነበር፤ አገሪቱ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን በሩ ተከፈተ። በቆርቆሮ ቡና የታወቀው የኪንግ ካር ኩባንያ ባለቤት ሊ ቲየን ሳይ ዪላን በሚባል እርጥብ አውራጃ ፋብሪካ ሠራ። ስሙን ካቫላን አለው፤ የመጀመሪያው አረቄ በመጋቢት 2006 ወጣ። ዪላን በካርታ ከሐሩር መስመር ትንሽ ወደ ሰሜን ትወጣለች፤ በበጋ ግን የመጋዘኑ ላይኛ ፎቅ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። በክረምት ደግሞ ከሳይቤሪያ የሚነሣ ቀዝቃዛ ነፋስ ይደርሳታል። ዋና ቀማሚ የነበረው ኢያን ቻንግ ይህን እንደ ሀብት ነው ያየው፤ በበጋ እንጨቱ ይቀዳል፣ በክረምት አየሩ ይሠራል።

ቻንግን ያስተማረው ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ጂም ስዋን ነው። በ2017 እስኪሞት ድረስ በሞቃት አገር ውስኪ መሥራት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነበር። ምክሩ ሲጨመቅ ሁለት ነው። አንደኛ፣ አረቄው ገና ከማንጠሪያው ሲወጣ ንጹሕና ፍራፍሬያማ ይሁን። ስኮትላንድ ውስጥ ከባድና ድኝ ድኝ የሚል አረቄ በአሥራ አምስት ዓመት ይለሰልሳል ተብሎ ይታመንበታል፤ በሐሩር ምድር በአምስት ዓመት ውስጥ በእንጨት ይሸፈናል እንጂ አይለሰልስም። ስለዚህ ከመካከለኛው ፍሰት የሚወሰደው ክፍል ጠበብ ይላል፣ ራሱና ጭራው፣ ማለትም መጀመሪያና መጨረሻ የሚወጣው፣ በጊዜ ይቆረጣል። ሁለተኛ፣ በርሜሉን አስተካክል። ስዋን ያገለገሉ የቀይ ወይን በርሜሎችን ወስዶ ውስጣቸውን በመፋቅ፣ በዝግታ በማሞቅና እንደገና በእሳት በማቃጠል አዲስ ነፍስ የሚዘራበትን ዘዴ አስፋፋ። ወይን የጠጣው ገጽ ተፍቆ ይወጣል፣ ከሥሩ ያለው ጣፋጭ እንጨት ይጋለጣል፣ ኃይለኛው ታኒንም በእሳቱ ይሰበራል። ለአጭር ጊዜና ለብዙ ሙቀት የተመቸ በርሜል ነው። ካቫላን በዚህ መንገድ በተዘጋጁ የወይን በርሜሎች ያስረጀው ሶሊስት ቪኞ ባሪክ በ2015 በዓለም የውስኪ ሽልማት የዓለም ምርጥ ሲንግል ሞልት ተባለ።

ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በጥር 2010፣ ኤድንብራ አጠገብ ሊዝ በምትባለው ወደብ ታይምስ ጋዜጣ ባዘጋጀው ስም የተሸፈነበት ቅምሻ ካቫላን ሦስት የስኮትላንድና አንድ የእንግሊዝ ውስኪ አሸንፏል። ይህ ወሬ ዓለምን ዞረ፤ ዛሬም “ታይዋን ስኮትላንድን በገዛ ሜዳዋ አሸነፈች” ተብሎ ይነገራል። ተጋጣሚዎቹ ግን ዕድሜ ጠገቦቹ ታላላቅ ሞልቶች አልነበሩም። ካቫላን ጥሩ መሆኑን ለመመስከር ያ ታሪክ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ያሳንሰዋል። ይልቅ ልብ ማለት የሚገባው ሌላ ነገር ነው፦ የመጀመሪያው አረቄ በመጋቢት 2006 ወጥቶ የመጀመሪያው ጠርሙስ በታኅሣሥ 2008 ለገበያ ሲቀርብ ሦስት ዓመት አልሞላም ነበር። በአውሮፓ ሕግ ያ መጠጥ ውስኪ አይባልም።

ከበርሜል በፊት ስላለው ሥራ የሚጽፍ ሰው ጥቂት ነው፤ የሐሩሩ ወጪ ግን እዚያም አለ። እርሾ ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ከ35 ዲግሪ ሲያልፍ ይታመማል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስኮትላንድ ውስጥ ከወንዝ የሚመጣው ውኃ ለማቀዝቀዣ በቂ ነው። ባንጋሎር ወይም የሕንድ ግዛት በሆነችው ጎዋ ውስጥ ከቧንቧ የሚመጣው ውኃ ራሱ ለብ ያለ ስለሆነ ድፍድፉንም ከማንጠሪያው የሚወጣውን እንፋሎትም ለማቀዝቀዝ በኤሌክትሪክ የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ገብሱም ይለያል። ካቫላን ብቅሉን ከአውሮፓ ያስመጣል፤ አምሩትና በጎዋ ያለው ሌላ የሕንድ ፋብሪካ፣ ፖል ጆን፣ ግን በዋናነት የሚጠቀሙት በሰሜን ሕንድ የሚበቅለውን ባለ ስድስት ረድፍ ገብስ ነው። ፍሬው ትንሽ፣ ፕሮቲኑ ብዙ፣ ስታርቹ ያነሰ በመሆኑ ከአንድ ቶን የሚወጣው አልኮል ይቀንሳል፤ በምትኩ ቅባታምና ወፍራም የሆነ አረቄ ይሰጣል። የጭስ ጣዕም የሚሰጠው ፒት፣ ማለትም ከረግረግ ተቆርጦ የሚነደው አፈር፣ ከስኮትላንድ ነው የሚመጣው። ፊውዥን የሚባለው ውስኪ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፤ ጭስ ያልነካው የሕንድ ገብስና ጭስ የነካው የስኮትላንድ ገብስ ተዋሕደውበታል።

ገብስ ከተነሣ ዘንድ የእኛም ድርሻ አለበት። ኢትዮጵያ ከዓለም የገብስ ብዝኃነት ማዕከላት አንዷ ናት፤ ሩሲያዊው ሳይንቲስት ቫቪሎቭ በ1927 መጥቶ ይህንኑ መስክሯል። ከዚያ አሥር ዓመት በኋላ ገደማ ጀርመኖች ከኢትዮጵያ በሰበሰቡት ገብስ ውስጥ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚሸፍነውን ሻጋታ የሚቋቋም ዘረመል ተገኘ፤ ዛሬ በአውሮፓ በሚዘሩ ብዙ የፀደይ ገብስ ዝርያዎች ውስጥ ይገኛል። የብቅል ገብስ በአብዛኛው ከእነዚሁ ዝርያዎች ስለሆነ፣ ከጎጃም ወይም ከአርሲ ገበሬ ማሳ የሚዘመድ ነገር በስኮትላንድ ጠርሙስ ውስጥ ቢኖር አይግረማችሁ። በካርታ ደግሞ አዲስ አበባ ከባንጋሎር ይልቅ ለምድር ወገብ ትቀርባለች፣ አማካይ ሙቀቷ ግን 16 ዲግሪ ገደማ ነው። “ሐሩራማ ውስኪ” የሚለው ስያሜ ኬክሮስን ሳይሆን የመጋዘኑን ቴርሞሜትር ይመለከታል የምለው ለዚህ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውስኪ የሚያስረጅ ቢነሣ መላእክቱ ከባንጋሎሮቹ ይልቅ የስኮትላንዶቹን ይመስሉ ነበር።

እርጥበቱም እንደ ሙቀቱ ይወስናል። አየሩ እርጥብ ሲሆን ከበርሜሉ ቀድሞ የሚያመልጠው አልኮሉ ነው፤ የመጠጡ ኃይል በየዓመቱ ይወርዳል። ደረቅና ሙቅ ሲሆን ውኃው ቀድሞ ይሄዳል፣ ኃይሉ ይወጣል፤ የኬንታኪ መጋዘኖች የላይኛው ፎቅ በዚህ ይታወቃል። ስለዚህ ሁለት “ሞቃት” ቦታዎች ፈጽሞ የተለያየ ነገር ሊሠሩ ይችላሉ። በባሕር ዳርቻ ያለው ፖል ጆን ትነቱን ለመቀነስ ከመሬት በታች መጋዘን አለው። በሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ያለው ሌላ ፋብሪካ፣ ራምፑር፣ በጋው ከ40 ዲግሪ በላይ፣ ክረምቱ ደግሞ ብርድ ነው።

ቴል አቪቭ ያለው ሚልክ ኤንድ ሀኒ የተባለ ፋብሪካ የስዋን የመጨረሻ ዘመን ሥራ ነው፤ በርሜሎቹን ከፊሉን ሙት ባሕር አጠገብ፣ ከባሕር ወለል በታች 400 ሜትር በሚያልፍ ጥልቀት፣ በሆቴል ጣሪያ ላይ አስቀምጦ ሞክሯል። በእስራኤል ያሉ አንባቢዎቻችን ይህን ውስኪ በየሱቁ ያገኙታል፤ የሼሪ በርሜሎቹ ሳይቀሩ ኮሸር፣ ማለትም በአይሁድ ሃይማኖት ሕግ የተፈቀደ፣ ወይን ይዘው የነበሩ ናቸው። በ2023 በዚሁ የሼሪ በርሜል ውስኪው የዓለም ምርጥ ሲንግል ሞልት ተብሏል። የሙት ባሕሩ ሙከራ ግን ለጉጉት እንጂ ለመጠጥ የሚበጅ አይመስለኝም፤ ገና ከመጀመሪያው እንጨት እንጨት ይላል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። በዓመት አንድ አሥረኛውን ንብረቱን ለአየር የሚሰጥ ነጋዴ የሚያስረጅበት ምክንያት ይጠፋዋል። በአምስተኛው ዓመት ከ200 ሊትር 112 ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት ጣዕሙን ለማሻሻል ያለው ዕድል እየጠበበ፣ ኪሳራው ግን በዚያው ይቀጥላል። አብዛኞቹ የሐሩር ሞልቶች በጠርሙሱ ላይ ዕድሜ የማይጽፉት ለዚህ ነው። ማፈር የለበትም። “ስግብግቦቹ መላእክት” ዓይነት ጠርሙሶች ለስም የሚወጡ፣ ዋጋቸውም ከጣዕማቸው ይልቅ ከብርቅነታቸው የሚመጣ ናቸው።

የሕንዶቹን ሌላ ጠባቂ ቀረጡ ነበር። ከውጭ በሚገባ ውስኪ ላይ 150 በመቶ ይከፈል ስለነበር በአገር ውስጥ የተሠራ ሞልት በተመሳሳይ ጥራት ርካሽ ሆኖ ይወዳደር ነበር። በ2025 ብሪታንያና ሕንድ በፈረሙት የንግድ ስምምነት ቀረጡ መጀመሪያ ወደ 75፣ በአሥር ዓመት ውስጥ ደግሞ ወደ 40 በመቶ እንዲወርድ ተስማሙ። ይህ ወጣቶቹን ፋብሪካዎች ይጎዳል የሚሉ አሉ። እኔ ግን የትልልቆቹን ኩባንያዎች እግር እመለከታለሁ፤ ዲያጂዮ ራጃስታን ውስጥ ጎዳዋን የተባለ ሞልት በ2022፣ ፐርኖ ሪካርድ ሎንጊቲዩድ 77ን በ2023 አውጥተዋል። ሁለቱም የስኮትላንድ ታላላቅ ፋብሪካዎች ባለቤቶች ናቸው። ገበያው የሚፈርስ ቢመስላቸው ኖሮ እዚያ በርሜል አይሞሉም። ታይላንድም በ2024 ፕራካን በሚል ስም ገብታበታለች።

የቀረው የሕጉ ጥያቄ ነው። ሦስት ዓመት የሚለው ገደብ ለስኮትላንድ ብርድ ተለክቶ የተሰፋ ነው፤ ለሐሩሩ ይስተካከል የሚሉ ድምፆች አሉ። አልስማማም። ገደቡ ቢነሣ ከሁሉ ቀድሞ የሚጠቀመው ጃግዳሌን ወይም ሊን የመሰለ ሠሪ ሳይሆን፣ በእንጨት ፍርፋሪና በማሞቂያ በስድስት ወር ቀለም አስይዞ የሚሸጠው ነው። መለወጥ ያለበት ሌላ ነው፦ በጠርሙሱ ላይ ከዕድሜው ጎን በርሜሉ የቆየበት ቦታ በግዴታ ይጻፍ። አምሩት “ሁለት አህጉር” በሚል ስም ባወጣው ውስኪ ላይ፣ በርሜሎቹ ሕንድ ጀምረው አውሮፓ ሄደው ስለጨረሱ፣ ይህን በፈቃዱ አድርጎታል። ማንንም አልጎዳም።

እስከዚያው ገዢው ራሱ ይጠንቀቅ። የሐሩር ሞልት ሲገዛ ዕድሜ ፍለጋ ጊዜውን አያጥፋ፤ ውስኪው በምን በርሜል እንደቆየ ያንብብ፣ የአልኮል ኃይሉ ከ46 በመቶ በታች የቀጠነውን ይለፍ። “የእኛ አምስት ዓመት የእነሱ አሥራ አምስት ነው” ለሚለው ሻጭ ደግሞ የአሥራ አምስት ዓመት ዋጋ አይክፈል። ከየትኛው ልጀምር ለሚለኝ ሰው መልሴ ፊውዥን ነው። ኃይሉ 50 በመቶ ስለሆነ ጥቂት ውኃ ጨምሩበት።